ሞላ ቆራጮች ሆይ!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሾክ አብዞርበር ማጠንከር ፍጥነት ይጨምራል ያላችሁ ማነው? ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ፣ ቪትዝ ይዞ እሽቅድምድም ያማረው ጎረምሳ መጀመሪያ ሞላ ያስቆርጣል። ቀጥሎ ያስመጣውን የሚስተካከል ሾክ እስከ ጥግ ያጠነክራል። ከዚያ «ሬሲንግ ሆነች» ይለናል።

አቦ ተዉና! መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። የሾኩ ሥራ የሞላውን ዝላይ በዘይት እያፈነ ጎማውን መሬት ላይ ማቆየት ነው። ከልክ በላይ ሲጠነክር ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ ለመውረድ ጊዜ ያጣል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ነዳጅ ብትሰጡት፣ ፍሬን ብትይዙ፣ መሪ ብታዞሩ አይሰማም። የኮረኮንች ራሊ መኪኖችን እዩ፤ ከመሬት ከፍ ያሉ ናቸው፣ ሞላቸውም ከአስፋልቶቹ ይለሰልሳል።

ክትፎ እንኳ በጥሬና በብስል መካከል ለብለብ አለው (ጉራጌ አገር ሆኖ ይህን የረሳ ይቀጣ!)። ከለስላሳው ጫፍ ጀምሩ። ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ ማስተካከያውን አንድ አንድ ቀጭ እያደረጋችሁ፣ በአንድ መንገድ፣ በተለመደ ፍጥነት፣ የጎማ ንፋስ ሳትቀይሩ ሞክሩ፤ ጻፉት። መኪናው ከጉብታ በኋላ መወዛወዙን ሲተው እዚያው አቁሙ። የተቆረጠ ሞላን ግን የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም። ሾኩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለሚያልቅ በየጉድጓዱ ከላስቲኩ ጋር ይጋጫል። ሌላ ሞላ ግዙ።

ከወልቂጤ ወደ ጊቤ የሚወርደው ጥምዝምዝ ደግሞ የውድድር ሜዳችሁ አይደለም። ኩርባው ላይ ጎማችሁ መሬት ሲለቅ፣ ከፊት የሚመጣው ሰው የጫነ አውቶቡስ ነው።