ጤናችን፦ ኤም አር አይ ክፍል ከመግባታችን በፊት



ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ አባት በቅርቡ ወገባቸውን ታመው ኤም አር አይ ታዘዘላቸው። ፎርሙን የሞላችላቸው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። “አባባ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?” አለቻቸው። “ኧረ ምን ብረት አለኝ ልጄ!” ብለው ሳቁ። እሷም “የለም” የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ደግነቱ ባለሙያው በዚያ አላበቃም። በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስገብቶ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ደገማቸው፦ “በጥይት ወይም በፍንጣሪ ተመትተው ያውቃሉ?” አባባ ዝም አሉ። ቆይተው “አዎ፣ ካራማራ ላይ። ትከሻዬ ውስጥ ዛሬም አለ” አሉ። ቤተሰቡ አንድም ቀን ሰምቶት የማያውቅ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ኤክስሬይ ተነሡ፤ ፍንጣሪው ያለበት ቦታ እንደማያሰጋ ሲረጋገጥ ምርመራው ተደረገላቸው።

ለመሆኑ ብረቱ ለምን ያን ያህል አሳሰበ? ኤም አር አይ እንደ ኤክስሬይና እንደ ሲቲ ስካን በኤክስሬይ ጨረር አይሠራም። ትልቅ ማግኔት ነው። አብዛኛው ሰውነታችን ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ደግሞ እንደ ጥቃቅን ማግኔት ነው። ማሽኑ እነዚህን ያሰልፋቸውና በሬዲዮ ሞገድ ነካ ያደርጋቸዋል። ሞገዱ ሲቆም ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ምልክት ይሰጣሉ፤ ኮምፒዩተሩም ያንን ለቅሞ ምስል ይሠራል። ስብ፣ ጡንቻና ዕጢ የሚመለሱበት ፍጥነት ስለሚለያይ በምስሉ ላይ ተለይተው ይታያሉ።

ስለዚህ ሐኪም አንጎልን፣ የጀርባ ዲስክን፣ የጉልበት ጅማትን፣ ጡትን፣ ጉበትን ወይም ፕሮስቴትን በደንብ ማየት ሲፈልግ ያዘዋል። ለተሰበረ አጥንት ግን ብዙውን ጊዜ ኤክስሬይ ይበቃል፤ “ለምን ኤም አር አይ አላዘዙልኝም” ብሎ መከፋት አያስፈልግም።

ልጆች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት፦ ማሽኑ ላይ “1.5 ቴስላ” የሚል ብታዩ መኪናው አይደለም፤ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። ከምድራችን ማግኔት ወደ 30 ሺህ እጥፍ ይበረታል ማለት ነው። ሲሠራ ኳ ኳ ይላል፤ አያምም። ጆሮ መሸፈኛ ይሰጧችኋል፤ የእናንተ ሥራ አለመንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ወላጆች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ማግኔቱ ምርመራ በሌለበት ሰዓትም እየሠራ ነው። በሐምሌ 2025 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሰው ባለቤቱን ከአልጋው ለማስነሣት ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ አንገቱ ላይ የነበረው ከባድ የብረት ሰንሰለት ወደ ማሽኑ ጎትቶት ሕይወቱ አልፏል። ታማሚ አልነበረም፤ አስታማሚ ነበር። ባለሙያው ግቡ ሳይላችሁ እናታችሁ ብትጠራችሁም አትግቡ።

ከቀጠሮው በፊት እነዚህን ተናገሩ፦ የልብ ማስተካከያ መሣሪያ (ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ)፣ በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት፣ ጥይት ወይም ፍንጣሪ፣ ብየዳና ብረት ቆረጣ ስትሠሩ ዓይን ውስጥ የገባ ብናኝ፣ ንቅሳት፣ እርግዝና፣ የኩላሊት ሕመም። ሀብል፣ የማተብ መስቀል፣ አምባር፣ የጸጉር ጌጥና ስልክ ውጭ ይቀራሉ። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ መላ አለው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የልጅ ልጅ “ፍንጣሪ” የሚለውን ቃል ላታውቀው ትችላለች፤ አያትም ያዩትን መከራ ለልጅ መንገር ይከብዳቸዋል። እርግዝናም ሆነ ሌላ ገመና በልጅ በኩል አይነገርም። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ኦባማኬር በምንለው የ2010 ሕግ መሠረት፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ትንሽ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም አይፈቀድም። ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ያው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ “አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር” በሉ፤ ይኸው ነው።

ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ አባባን ወይም እማማን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ “ሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ብረት አለ?” መልሱን ጽፋችሁ ከመድኃኒት ዝርዝራቸው ጋር አስቀምጡት። ምናልባት እስከዛሬ ያልሰማችሁትን ታሪክም ትሰሙ ይሆናል።

በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን!