ጁሱ ይጥለል ወይስ ይወፍር?

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይላሉ አበው። የዛሬው ጉዳዬ ግን ቀስ በቀስ የሚሆነውን ነገር በደቂቃዎች ስለሚጨርስ ማሽን ነው። ውድ አንባቢያን፣ ስለ ጁስ ልናወራ ነው!

ሆሳዕና ውስጥ ጁስ ቤት ገብቶ አቮካዶ ያዘዘ ሰው ማንኪያ ይጠብቃል። ዱራሜም ሾኔም ያው ነው። ስፕሪስ ከሆነ ደግሞ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው በየደረጃው ተደርድሮ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይመጣል። ቀጠን ካለ “ውሃ ጨመሩበት” ብለን እናማለን። እኛ ዘንድ ውፍረት የታማኝነት ማረጋገጫ ነው።

በሌላው ዓለም ግን ለተቃራኒው የሚደክሙ አሉ። ዴቭ አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ ከ2012 እስከ 2016 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ በመራው ባር፣ የፍራፍሬ ጭማቂን በሴንትሪፊዩጅ እያጠለለ ኮክቴል ይሠራበት ነበር። በኋላም ስፒንዞል የተባለ የወጥ ቤት ማሽን ይዞ ብቅ አለ። ጭማቂን የሚያደፈርሰው የፍሬው ሥጋና ማርመላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ፔክቲኑን የሚሰባብር ኢንዛይም ይጨመርበታል። ከዚያ ማሽኑ ሲሽከረከር ከመሬት ስበት 2000 ጊዜ ገደማ በሚበልጥ ኃይል ድፍርሱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ የጠለለው ለብቻው ይወጣል። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም የሚለየው ማሽን ወንድም ነው ማለት ነው።

“ታዲያ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?” የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ዕውቀቱ እኮ እቤታችን ነው እላለሁ! እናቶቻችን እንሰት ፍቀው፣ ጨምቀው፣ ፈሳሹን ያስቀምጡታል። ነጩ ከሥር ይረጋል፣ ውሃው ከላይ ይደፋል፣ የቀረው ቡላ ነው። ማሽኑም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እናቶቻችን የመሬትን ስበት ይጠብቃሉ፣ እሱ ያፋጥነዋል። እነሱ የሚፈልጉት ከሥር የቀረውን፣ አርኖልድ ደግሞ ከላይ ያለውን ነው።

ስለዚህ እንደ እኔ ማሽኑን ለማስመጣት መሯሯጥ አያስፈልግም። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ መብራት ይፈልጋል፣ መያዣውም ግማሽ ሊትር ነው። ለአቮካዶ አይሆንም፤ የአቮካዶ ጣዕም ያለው ሥጋውና ቅባቱ ላይ ነውና። ስፕሪሳችንን ማንም አይንካብን! ብርቱካን፣ አናናስና ከጨንቻ የሚመጣው አፕል ግን ሌላ ናቸው። በንጹህ ስስ ጨርቅ አጥልሎ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮ፣ ከላይ ከላይ መቅዳት ነው። እንደ መስታወት ባይሆንም ጠራ ብሎ ይወጣል።

ምን ይጠቅማል? ሠርግን እንመልከት። በአካባቢያችን አልኮል የማይቀርብበት ሠርግ ብዙ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚደረደረው ግን የጠርሙስ ለስላሳ ነው። ታዲያ ፍራፍሬ አምራቹ ገበሬና ጉሊት የምትቸረችረው እናት ከዚያ ሁሉ ወጪ ምን ይደርሳቸዋል? ወፍራም ጁስ ለመቶዎች እንግዳ ማቅረብ ከባድ ነው፤ ጋዝ ያለው ውሃ ሲጨመርበትም አረፋው ይገነፍላል። የጠለለ ጭማቂ ግን ከአምቦ ውሃ ጋር ይስማማል። አልኮል ለማይጠጣ ሰው ኮክቴሉ ይኸው ነው። ጨርቁ ላይ የቀረውም አይጣልም፣ ማርመላታ ይሠራበታል።

ይሁን እንጂ የጠለለ ሁሉ ንጹህ አይደለም። ጀርም በዓይን አይታይም፤ ማሽኑም ጨርቁም ታይፎይድን አያስቀሩም። ፍሬው ካልታጠበ፣ የተጨመረው ውሃ ንጹህ ካልሆነ፣ መጥራቱ ማታለያ ብቻ ይሆናል። ሲጠልል የፍሬው ቃጫ ስለሚቀርም ፍሬውን እንዳለ የመብላትን ያህል አይጠቅምም።

የጁስ ቤት ባለቤቶችና የሆቴል ሙያ ሠልጣኞች በመጪው የሠርግ ወቅት ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሞክሩት። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ሄደን እንቅመስ፣ ወጪውንና የእንግዳውን አስተያየት ጠይቀን እንጻፍበት። ያኔ ለስላሳው ይሻላል የሚል ካለ በቁጥር ይከራከረን።

ቸር ይግጠመን!