ቆረቆር የያዘው ልጅ ከትምህርት ቤት አይባረር

የጠጕር መርገፍ ምክንያቱ ብዙ ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ በየቀኑ ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጠጕር ይረግፍበታል፤ ነገር ግን በምትኩ ሌላ ስለሚበቅል ጕድለቱ አይታወቅም። ወንዱ በዘርና በዕድሜ ራሰ በራ ይሆናል። እናት ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ጠጕሯ ይሳሳል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ይመለሳል። ብርቱ ትኵሳት፥ የደም ማነስ፥ በአንገት ያለው ዕጢ ሥራ መድከም፥ እነዚህም ጠጕርን ያሳሳሉ። ሹሩባም ከመጠን በላይ ተወጥሮ ሲሠራ በግንባርና በጆሮ ግንድ አጠገብ ያለውን ጠጕር ይነቅላል፤ ለብዙ ዓመት ከቀጠለም ሥሩ ይጠፋል።

ዛሬ ሚዛን አማን በምትባለው በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና አገር ለምትኖሩ አንባብያን ልናሳስብ የፈለግነው ግን የተማሪዎችን ራስ ስለሚያበላሸው ስለ ቆረቆር ነው። ቆረቆር ከእርግማን ወይም ከክፉ ዓይን የሚመጣ አይደለም። የሻጋታ ወገን የሆነ ፈንገስ ወደ ጠጕሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚያደክመው ጠጕሩ ከሥሩ አጠገብ ይሰበራል፤ ራሱም ክብ ክብ እየሆነ ይመለጣል፥ ይቀረፈፋል፥ ያሳክካል። በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያደርሰው ትሪኮፊተን ቫዮላሴየም የተባለው ዓይነት ነው። እርሱም በማበጠሪያ፥ በቆብ፥ በሻሽ፥ በትራስና በጠጕር መቍረጫ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ብዙ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ተጠጋግቶ በሚያድርበት ስፍራ መንገዱ ይሰፋለታል።

ይህ በሽታ የታየበትን ልጅ «ሲድን ይመለስ» ብሎ ከክፍል የሚያሰናብት መምህር አለ። ሐሳቡ ሌሎቹን ልጆች ለመጠበቅ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም በሦስት ምክንያት አንስማማበትም።

መጀመሪያ፥ ምልክት ሳይታይባቸው ፈንገሱን በራሳቸው ላይ የሚሸከሙ ልጆች ስላሉ፥ የታየበትን ብቻ ማስወጣት ክፍሉን አያነጻም። ሁለተኛ፥ ሕክምናው 6 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በአገራችን ቡና የሚለቀመው ትምህርት በሚሰጥበት ወራት ነውና፥ ለዚህን ያህል ጊዜ ከክፍል የራቀ ልጅ ወደ ለቀማው ገብቶ በዚያው እንዳይቀር ያሠጋል። ሦስተኛ፥ ውርደት መደበቅን ይወልዳል። ወላጅ የልጁን ራስ በቆብ ሸፍኖ ላምባ ይቀባዋል ወይም ነጭ ሽንኩርት ያሽበታል፤ ይህም ቆዳን ያቃጥላል እንጂ በጠጕሩ ውስጥ ያለውን ፈንገስ አይገድልም።

በባሕር ማዶ የሆነውን ብናስብ ይጠቅመናል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ የሚዋጥ መድኃኒት ገና ሳይገኝ፥ በፓሪስ የሴን ሉዊ ሆስፒታል ቆረቆር ለያዛቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶላቸው ነበር። ፈውስ ያልነበራቸው ሰዎች ለልጆቹ ትምህርት ይህን ያህል ካሰቡ፥ መድኃኒት ያለን እኛ ልጁን ያለ ትምህርት የምናስቀርበት ምን ምክንያት አለን?

ግሪሶፉልቪን የተባለው መድኃኒት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 ከሻጋታ ተገኘ፤ በ1958 ደግሞ ሰዎችን ለመፈወስ ይሰጥ ጀመር። ቅባት ብቻውን ወደ ጠጕሩ ውስጥ ስለማይደርስ ሕክምናው የሚዋጥ መሆን አለበት። መጠኑን የሚያዝዘው የጤና ባለሙያ ነው። ከወተት ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋራ ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ የበለጠ ይሰርጻል። ማሳከኩ ቀረ ተብሎ የታዘዘው ቀን ሳይፈጸም ቢቋረጥ ግን በሽታው ይመለሳል። በአንድ ቤት የሚኖሩትም ልጆች አብረው መመርመር ይገባቸዋል።

ስለዚህ መምህራን በየወሩ የተማሪዎችን ራስ እንድትመለከቱ፥ ምልክት ያየችሁበትንም ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሳታሳፍሩ ከወላጁ ጋራ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትልኩት፥ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላም በወንበሩ እንዲቀመጥ እንድታደርጉ እንጠይቃለን። ጠጕር ቈራጮችም ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ የቶንዶሱን ጥርስ ከጠጕር አጽድተው በበረኪና ውሃ ይጥረጉት፤ ምላጭም ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ይሁን። የከተማው ሰው ይህን ያላደረገ ቈራጭ ዘንድ ልጁን ባይወስድ፥ ሥርዓቱ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ፈጥኖ ይለመዳል።