ድምፁ ከመዘዞ፣ ሒሳቡ ከየት?

«ዲጂታል ቴክኖሎጂ ከያኒውን ነጻ አወጣው» የሚለው አባባል ዛሬ በየስብሰባው እንደ ዝማሬ ይደጋገማል። አባባሉ ያምራል። ይሁን እንጂ ነጻ የወጣው ማን ነው? በማንስ ሒሳብ?

ጥያቄውን ከአዳራሽ አውጥተን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ወደ መዘዞ እንውሰደው። በአንድ ሠርግ ላይ ግጥም አውራጅ የሆነች እናት ስታዜም፣ ተቀባዩ በጭብጨባ ሲያጅባት፣ ከከተማ የመጣ እንግዳም ስልኩን ደግኖ ሲቀርጻት እናስብ። በማግሥቱ ዜማው በዩቲዩብ ይለቀቃል። የሰርጡ ስም በጉልህ ተጽፏል፤ የእርሷ ስም ግን የለም። «የሰሜን ሸዋ ባህላዊ ዘፈን» ተብሎ ታልፏል።

ቀድሞ የሙዚቃ ንግድ በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ሸክላውም ሆነ ካሴቱ ይቆጠራል፤ በተቆጠረው ልክም መሟገት ይቻላል። ያ ዘመን ግን ገነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ በራሱ ድርጅት ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሥራው ለአንድ ተቋም ብቻ ተፈቅዶ የኖረውን መብት መጋፋት ነበረበት። ካሴትም ያለፈቃድ እየተባዛ የስንቱን ድካም ውኃ አስበላ! ስለዚህ ካሴትን እያነሡ የሚተክዙ ወገኖች መፍትሔ አልያዙም።

ዛሬ የሚሸጠው ዘፈኑ ሳይሆን የተመልካቹ ጊዜ ነው፤ ገዢውም ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። በዩቲዩብ ደንብ በረዣዥም ቪዲዮዎች ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለሰርጡ ባለቤት ይከፈላል። ድርሻው የሚታሰበው ለሰርጡ እንጂ ለጉሮሮው አይደለም። ለዚያች እናት ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

የተሻለ መንገድ የፈለጉ አልታጡም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ዳዊት ንጉሡ የመሠረቱት አውታር አድማጩ በስልኩ ለዘፈኑ እንዲከፍል ያደረገ አገር በቀል ሙከራ ነው። የሚደነቅ ጅምር ነው። ሆኖም አልበም ያላሳተመችውና ውል ያልፈረመችው የመዘዞ እናት ከዚህም ደጅ ውጭ ናት።

ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጅና ተዛማጅ መብቶችን ይጠብቃል፤ ከተዛማጆቹም አንዱ የከዋኙ መብት ነው። ነገር ግን ስሙ ያልተመዘገበ ሰው በየትኛው ስሙ ይክሰስ? እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። የባህል ሠራተኞች፣ መምህራንና ከያንያን «ሕዝባዊ ዜማ» እያልን ስንሰበስብ ስንቶቻችን የዜመኛዋን ስም ጠይቀናል? «የሕዝብ ነው» ማለት «የማንም አይደለም» ማለት አይደለም!

«ለገጠር ሰው ገንዘቡ በምን ይደርሰዋል?» የሚል ሰበብም ይቀርባል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተራ ስልክ ሳይቀር ገንዘብ ያስተላልፋል። ሰበቡ ያኔውኑ ሞቷል።

እንግዲህ የሚቀረጽ ዜማ ሁሉ የከዋኙን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ይያዝ፤ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ገቢ ካለም ድርሻው ይታወቅ። የባህል ጽሕፈት ቤቶች መዝገቡን ይክፈቱ፤ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በዚህ ያሰልጥኑ፤ የታወቁ ድምፃውያንም ዜማውን ከማን እንደወሰዱ ይናገሩ። ድምፅን ከመዘዞ ወደ ዓለም ያደረሰ ስልክ፣ ድርሻን ከዓለም ወደ መዘዞ መመለስ አያቅተውም። የጎደለው የእኛ ፈቃድ ነው።