ድሮስ ሁሉም ያምን ነበር?



"ድሮ የማያምን ሰው አልነበረም፣ የዘንድሮ ልጅ ነው የተበላሸው" ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ድሮም ነበረ፣ ግን ይደብቅ ነበር።

የደቡብ ፈረንሳይን ገጠር እንመልከት። በ1215 ሮም ላይ የተሰበሰበው የካቶሊኮች ጉባኤ፣ ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንዴ ለቄስ እንዲናዘዝ፣ በፋሲካም እንዲቆርብ አዘዘ። እምቢ ያለ በቁሙ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ሲሞትም በወጉ አይቀበርም። በትንሽ መንደር ደግሞ ማን እንደቆረበና ማን እንደቀረ ጎረቤት ያውቃል። ስለዚህ የተጠራጠረው ሰው ቤቱ አልቀረም። ሄደ፣ ከሰው ጋር ተንበረከከ፣ ዝም አለ።

ይህንን የምናውቀው፣ የሚገርመው፣ ከመርማሪው ነው። ዣክ ፉርኒዬ የሚባለው የፓሚዬ ጳጳስ ከ1318 እስከ 1325 ሰዎችን እያስጠራ ሲመረምር ቃላቸውን በላቲን አስጽፎ ነበር። (ኋላ በ1334 እሱ ራሱ የሮማ ጳጳስ ሆኗል።) በሌላ እምነት የጸኑ ጥቂቶችን በእሳት አስቀጥሏል።

ከተጠየቁት አንዷ አውድ ፎሬ የምትባል ባለትዳር ሴት ናት። ቄሱ ቁርባኑን ከፍ ሲያደርግ፣ ያ የክርስቶስ ሥጋ ነው ብላ ማመን አቃታት። መጸለይም አልቻለችም። ሰው ግን ቆማ ነው የሚያያት፤ ልቧን ማን ያያል? በመጨረሻ ጨንቋት ለባሏ ነገረችው። እሱም ተቆጣት። ነገሩ ጳጳሱ ዘንድ ደረሰ፤ አልተቃጠለችም፣ ንስሐ ተሰጥቷት ተለቀቀች። እኛን የሚከነክነን ግን ፍርዱ ሳይሆን የባሏ ቁጣ ነው። ሚስጥሯን አምናው ነበር የነገረችው።

ዛሬ እዚህ እሳት የለም። ልጁ ግን አርብ ማታ ለኪዱሽ ኪፓውን ያደርጋል፣ ደጅ ሲወጣ ኪሱ ይከተዋል። ለምን? "ከቤቴ ውጣ" እንዳይባል ነዋ።

እናንተ ኢየሩሳሌም ብላችሁ በሱዳን በረሃ በእግር የመጣችሁ ናችሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር መስማት እንደሚያም እናውቃለን። ቢሆንም ልጃችሁ አንድ ቀን ደፍሮ "አባዬ፣ ማመን አቃተኝ" ካለ፣ የዚያን ቀን አትጩኹበት። ወደ ቄስም ወደ ረቢም አትሩጡ። መጀመሪያ የሰንበቱን ዳቦ ቆርሳችሁ ስጡት፣ ከዚያ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁት።