መጀመሪያ መጋዘኑ የማን እንደሆነ ጠይቁ

ዛሬ ከቡናና ከእህል ዋጋ ትንሽ ወጣ እንላለን። ሰሞኑን «አዲስ ኮይን ወጥቷል፣ እንግባበት ወይ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ አቅራቢ ወዳጄ ለእሸት ቡና መግዣ ከያዘው ብር ግማሹን እዚያ ሊያስገባ እንደሆነ ነገረኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፣ ደላላ ነኝ። ደላላ ግን አንድ ነገር ያውቃል፦ ሰውዬው መቶ ኩንታል ይዞ ሰማንያውን ቆልፎበት ሃያውን ብቻ ገበያ ካወጣ፣ በሃያው የተጠራው ዋጋ የመቶው ዋጋ አይደለም። መጋዘኑ የተከፈተ ቀን ሌላ ወሬ ነው።

በክሪፕቶ የሚሆነውም ይኸው ነው። በጃንዋሪ 2025 በዶናልድ ትራምፕ ስም ቶከን ወጣ። ጠቅላላው 1 ቢሊዮን ሲሆን በመጀመሪያ ለገበያ የቀረበው 200 ሚሊዮን ብቻ ነበር። 800 ሚሊዮኑ ከትራምፕ ድርጅት ጋር በተሳሰሩ ኩባንያዎች እጅ ቀረ፣ በሦስት ዓመት ቀስ በቀስ ይለቀቃል ተባለ። በሁለት ቀን ውስጥ ከ70 ዶላር በላይ ተሰቀለ። በኤፕሪል አጋማሽ ከ10 ዶላር በታች ነበር። ጫፍ ላይ የገዛው ማን ነው? ዘግይቶ ወሬ የሰማው ትንሹ ሰው።

ትልቁ ባለይዞታ ሲንቀሳቀስ ደግሞ እዩ። ኤፍቲኤክስ የሚባለው መገበያያ ኤፍቲቲ የሚል የራሱ ቶከን ነበረው። እህት ኩባንያው አላሜዳ ያንኑ ቶከን እንደ ሀብት ቆጥሮ ታቅፎት እንደነበር በኖቬምበር 2022 መጀመሪያ ወጣ። ሰው መጠራጠር ጀመረ። ኖቬምበር 6 የባይናንስ አለቃ ቻንግፔንግ ዣኦ «የያዝነውን ኤፍቲቲ እንሸጣለን» ብሎ ጻፈ። 22 ዶላር አካባቢ የነበረው በጥቂት ቀን ከ5 ዶላር በታች ወረደ። ኖቬምበር 11 ኤፍቲኤክስ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ገንዘባቸውን እዚያ ያስቀመጡ ሰዎች በር ተዘጋባቸው።

«የእኛስ ገበያ ንጹህ ነው እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። አንድ ትልቅ ገዢ እጁን ሲሰበስብ ዋጋ እንዴት እንደሚሰበር ሁላችንም ቀምሰነዋል። እንዲያውም ክሪፕቶ በአንድ ነገር ይሻላል፦ የብዙዎቹ ቶከኖች መዝገብ ክፍት ስለሆነ፣ ትልልቆቹ አድራሻዎች ስንት እንደያዙ ማየት ይቻላል። የእኛን መጋዘን ማን ያሳየናል? ልዩነቱ ግን ቡና ዋጋው ቢወድቅም ጆንያው ውስጥ ቡና አለ፣ የሚጠጣው ሰው አለ። ገዢ ያጣ ቶከን ተቆልቶ አይጠጣም።

ስለዚህ «ስንት ገባ?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ጠቅላላው ስንት ነው፣ ገበያ ላይ ያለውስ? የተቆለፈው መቼ ይለቀቃል፣ ባለቤቶቹስ ከእናንተ በፊት በስንት ገዙት? መሸጥ ስትፈልጉ የሚገዛችሁ ማን ነው? ሦስተኛውን መመለስ ካልቻላችሁ፣ ገዢው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

በራሱ ትርፍ ብር የሚሞክር ሰው መብቱ ነው። የእሸት መግዣ ብር ግን የገበሬው ነው፣ የዩኒየን ካዝና የአባላቱ ነው። በዚያ ብር የሌላውን መጋዘን ማራገፍ ነውር ነው።

ወዳጄ እስካሁን አልወሰነም። ይህን ካነበብክ፣ ወንድሜ፣ ደውልልኝ።

የነገውን ዋጋ እንደ ወትሮው ጠዋት እለቃለሁ።