የሚያጨሰውን ወንድማችንን ከሚንበር መግረፍ ይብቃ፤ እንጻፍለት



ከቤሌ ተነስተው ሶዶ፣ አርባ ምንጭና ሐዋሳ ለትምህርት ከሄዱ ወንድሞቻችን መካከል ሲጋራ የለመዱ አሉ። ሁላችንም እናውቃለን፤ አይተን እንዳላየ እናልፋለን። ሲብስብን ደግሞ በጁሙዓ ኹጥባ እናወግዛቸዋለን። ምን ተገኘ? ልጁ ሲጋራውን አላቆመም፤ መስጂድ መምጣቱን ግን አቆመ። መጀመሪያ ሽታው እንዳይታወቅበት የኋላውን ሶፍ መረጠ፣ ቀጥሎ ዶርም ውስጥ መስገድ ጀመረ፣ አሁን እሱንም መስገዱን የሚጠይቀው የለም።

ሑክሙን እያቃለልን አይደለም። ሲጋራ ሐራም መሆኑን ብዙ ዑለሞች ተናግረዋል፤ ተማሪውም ከኛ በላይ ያውቀዋል። የቸገረው ሌላ ነው። ፈተና ሲደርስ፣ ምሳ በልቶ ሲወጣ፣ ጓደኞቹ ጫት ይዘው ሲቀመጡ እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ ምን ያድርግ? "እኔ ጫት ላይ ብቻ ነው የማጨሰው" የሚለውም የኒኮቲን ባሪያ መሆኑን የሚያውቀው ለማቆም የሞከረ ቀን ነው። ብስጭቱና ሐሳብ መበታተኑ በጣም የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው። እያንዳንዱ አምሮት ግን ደቂቃዎች ቆይቶ ያልፋል። በነዚያ ቀናት አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል።

እኛ የምንለው በጽሑፍ እንድረስለት ነው። በእንግሊዝ 5,800 አጫሾችን ይዞ የተሠራና በ2011 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ማበረታቻና ምክር በስልክ መልእክት ከተላከላቸው ውስጥ 10.7 በመቶው ለ6 ወር ሳያጨሱ ቆዩ፤ ምክሩ ካልደረሳቸው ግን 4.9 በመቶ ብቻ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እጥፍ ነው፣ ያውም በመልእክት ብቻ።

"ኡስታዙ ፊት ለፊት ይምከረው" የሚሉን አሉ። ቤሌን የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ የታየ ልጅ ወሬው እሱን ቀድሞ እናቱ ጋ ይደርሳል። "ታዲያ ቴሌግራም ግሩፕ ይከፈት" የሚሉም አሉ፤ እዚያ ማን እንደገባ ሁሉም ያያል። ኢሜይል ግን በፈለጉት ስም ይከፈታል፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ሲመለስ ይደርሳል። (ኢሜይል የሽማግሌ ነገር ነው ይሉናል። ስኮላርሺፕ ስንጠብቅ ግን በየሰዓቱ የምንከፍተው እኛው ነን።)

ሌላው ወገን እንደኛ ተኝቶ አይደለም። ጃፓን ቶባኮ በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ለመያዝ 510 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ዓመት ከምናምን ቆይቶ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አሳደገ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ብቻ በሆነበት አገር ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰ ነጋዴ ዓይኑ ያልጀመረው ወጣት ላይ ነው ብንል ተሳስተናል? አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። የ19 ዓመቱ ፍሬሽማን ግን ከኪዮስክ በፍሬ ይገዛል፣ መታወቂያ የሚጠይቀው የለም። መንግሥት የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. ሲያጸድቅ፣ በአንቀጽ 14 ማቆም ለሚፈልጉ እርዳታ ለመስጠትም ቃል ገብቷል። ያንን እስክናይ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ።

ረመዷን ምቹ ጊዜ ነው። ከሱብሒ እስከ መግሪብ ያለ ሲጋራ የዋለ ሰው እንደሚችል ለራሱ አሳይቷል፤ የሚሸነፈው ከቴምሩ በኋላ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት የሚደርሰው አጭር መልእክት ከስንት ኹጥባ ይበልጣል!

በየጀመዓችን የጤና ተማሪዎችና ነርሶች አሉ። ከመካከላቸው ሦስት አራት ሆነው አድራሻ ይክፈቱ፤ የሚያቆምበትን ቀን አብረውት ይምረጡ፣ ለጻፈ ሁሉ በዕለቱ ይመልሱ፣ ስሙን አይጠይቁ፣ ለቤተሰብ አይንገሩ፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ይላኩ። አቁሞ ዳግም ያጨሰውን አይውቀሱት፣ በማግስቱ ይጻፉለት። ከመስጂድ ኮሚቴዎቻችን የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከረመዷን በፊት ባለው ጁሙዓ፣ በውግዘቱ ፋንታ፣ ያችን አድራሻ ያንብቡልን።